የሬሚንግተን 1100 ኦሪንግ በተመጣጣኝ ዋጋ የት አገኛለሁ?

ቆቅ ፈላጊ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሬሚንግተን 1100 የሚባለው ራሱ የሚጎርስ ሾትጋን (የአደን ጠመንጃ) አለኝ፣ 12 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው)። ዕድሜው የገፋ ነው ግን እንጨቱም ብረቱም አሁንም ያምራል። ሰሞኑን ሸክላ (ወደ አየር የሚወረወር ኢላማ) ልተኩስ ይዤው ወጣሁና አስቸገረኝ። አንዱን ይተኩሳል፣ ከዚያ ቀለሁን አይተፋም፣ በሩ ላይ ነክሶት ይቀራል። በእጄ ስቤ አወጣለሁ፣ ሌላ ይተኩሳል፣ ደግሞ ያው ነው። ቤት ገብቼ የፊቱን እንጨት ስፈታ ካዝናው ቱቦ ላይ የምትቀመጠው ጥቁር ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ሁለት ቦታ ተሰነጣጥቃ አገኘኋት። በጣቴ ነካ ሳደርጋት እንደ ደረቅ እንጀራ ተቆረሰች።

አዲስ ልግዛ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አንዱ ጋ "አልቋል" ይላል። ሌላው ጋ አለ፣ ግን መላኪያው ሲደመርበት ለአንዲት ጎማ የማይሆን ሒሳብ ሆነ። አንድ ሻጭ ደግሞ "ኦሪጅናል ናት" ብሎ የጠራውን ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ። እዚህ የዋኔ አደን መስከረም ሳይጠባ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፣ ጊዜ የለኝም። በተመጣጣኝ ዋጋ የት ይገኛል? ከሃርድዌር ቤት የቧንቧ ኦሪንግ ገዝቼ ባስገባስ ይሠራል? የምታውቁ ንገሩኝ።


የፖቶማክ ሰው (ሜሪላንድ)

ወንድም፣ ኦሪጅናሏን ከፈለግክ የጠመንጃ ዕቃ የሚሸጡ ሦስት ቦታ ሞክር። ብራውኔልስ፣ ሚድዌይ ዩኤስኤ እና ነምሪች። "ባረል ሲል" ብለህ ነው የምትፈልጋት፣ "ኦሪንግ" ብለህ ከጻፍክ ላታገኛት ትችላለህ። ነምሪች የድሮ ጠመንጃ ዕቃ ላይ ጎበዝ ናቸው፣ ሌላው ጋ ያለቀ እነሱ ጋ ይገኛል። ሁሉም "ሲመጣ በኢሜይል አሳውቁኝ" የሚል ቁልፍ አላቸው፣ ተመዝገብ።

መላኪያው ነው ሰውን የሚያቃጥለው። ለብቻዋ አትዘዛት። የጽዳት ዕቃ፣ ዘይት፣ የጆሮ መከላከያ፣ የሚያስፈልግህን ሁሉ አጠራቅመህ አብረህ እዘዝ። ካልሆነ ደግሞ ከጓደኞችህ ጋር ተቀናጁ።

ለምን ጠፋች ብትል፣ ሬሚንግተን በ2020 ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ተከፋፍሎ ተሸጧል። ጥይቱ ለአንዱ፣ ጠመንጃው ለሌላው ሄደ። ኒውዮርክ ኢሊየን የነበረው አሮጌው ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። ኩባንያው ከ1816 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ያሳዝናል። ትንንሽ ዕቃዎች እየጠፉ እየመጡ የሆነው ለዚህ ነው። ጠመንጃው ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ የተመረተ ስለሆነ ዕቃ ፈላጊው አሁንም ብዙ ነው።


ጋራዥ ሚኒያፖሊስ

ቆቅ ፈላጊ፣ እኔ ሥራዬ ሃይድሮሊክ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከኦሪንግ ጋር ነው የምውለው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ይህን ያዝ። ያቺ ጎማ ምንም ምስጢር የላትም። ኦሪንግ ናት፣ በቃ። በጠመንጃ ዕቃ ቤት ስትሸጥ በትንሽ ላስቲክ ታሽጋ የጠመንጃው ስም ተለጥፎባት ነው ዋጋዋ የሚንረው። ያንኑ መጠንና ያንኑ ዓይነት ጎማ ከኢንዱስትሪ ዕቃ አከፋፋይ በፓኬት ብትገዛ በአንድ ወይም በሁለት "ኦሪጅናል" ዋጋ ለዓመታት የሚበቃህን ታገኛለህ። ማክማስተር ካር ለግለሰብም ይሸጣል፣ ቶሎ ይልካል። ከተማህ ውስጥ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠራ ሱቅ ካለ ደግሞ አሮጌዋን ይዘህ ግባ፣ ቆጣሪው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ቆጥረው ይሸጡልሃል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የጎማው ዓይነት። ሃርድዌር ቤት የምታገኘው ጥቁሩ የቧንቧ ኦሪንግ አብዛኛውን ጊዜ ናይትራይል ነው፣ ቡና ኤን የሚባለው። ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይችላል። አንተ የምትፈልገው ቫይተን ነው። ቫይተን ወደ 200 ዲግሪ ይችላል። ጠመንጃው ቀለሁን የሚተፋው በባሩድ ጋዝ ግፊት ነው፣ ጎማዋ የምትቀመጠውም ያ ጋዝ እንዳያመልጥ በሚገባበት ክፍል ጫፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥይት ሲተኮስ ትኩስ ጋዝ ይልሳታል። ጊዜው አጭር ነው፣ ግን 100 ሸክላ በተከታታይ ስትተኩስ ብረቱ ራሱ ይግላል። ናይትራይሉ እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄድና አንተ ያየኸው ዓይነት ስንጥቅ ያወጣል።

ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሲሊኮን ኦሪንግ "ሙቀት ይችላል" ብለው ቢሰጡህ አትቀበል። ሙቀቱን ይችላል፣ ግን ለመቀደድ በጣም ቀላል ነው። ብረት ለብረት በሚንሸራተትበት ቦታ አይሆንም።

ቀለም አይታመንም። ቫይተን ጥቁርም ቡናማም አለ። ጥቁር ሲሆን ከናይትራይል በዓይን አትለየውም። ክብደቱ ነው የሚለየው፣ ቫይተን መጠኑ እኩል ሆኖ ከበድ ይላል። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው ፓኬቱን መዝኖ ያውቃል። የሚሻለው ግን ከታወቀ አከፋፋይ መግዛት ነው፣ ጥንካሬው 75 ተብሎ የሚጻፈውን ያዝ።


ቆቅ ፈላጊ (ቨርጂኒያ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህንን ነበር የምፈልገው። ታዲያ ቁጥሯ ስንት ነው? ሌላ ቦታ ላይ ሰዎች የተለያየ ቁጥር ይጽፋሉ፣ አንዱ የሚለው ከሌላው አይገጥምም።


ጋራዥ ሚኒያፖሊስ

ለዚህ ነው ቁጥር የማልሰጥህ። ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ቁጥር አይተህ አትዘዝ። 12 ጌጁና 20 ጌጁ አንድ አይደሉም። 20 ጌጁ ራሱ በድሮው ትልቅ አካልና በኋላ በመጣው ቀላሉ አካል የተለያየ ነው። አፈሙዙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ለካ፣ ለመለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አለካኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ካዝናውንም፣ የጥይቱን ክፍልም። ከዚያ የፊቱን ክዳን ፈትተህ እንጨቱንና አፈሙዙን አውጣ። ቱቦው ላይ ጎማዋ የምትገባበት ስስ ጎድጓዳ መስመር አለች። ጥቀርሻ ስለሚሞላት ብዙ ሰው አያያትም፣ አጽዳትና ትታያለች። የመስመሯን ወለል ስፋት በካሊፐር (በደቃቅ መለኪያ) ለካ። የምትገዛት ቀለበት የውስጥ ስፋቷ ከዚያ ትንሽ ማነስ አለበት፣ ጥብቅ ብላ እንድትይዝ።

ቀጥሎ ውፍረቷ። አሮጌዋ ተረግጣ ስለምትጠፈጥፍ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ለካና ትልቁን ውሰድ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ኤኤስ 568 በሚባለው ደረጃ ነው የሚሠሩት። ውፍረታቸው የተወሰነ ነው። በ0 የሚጀምሩት ቁጥሮች 1.78 ሚሊሜትር፣ በ1 የሚጀምሩት 2.62፣ በ2 የሚጀምሩት 3.53 ናቸው። ስለዚህ ያንተ ልክ ከእነዚህ ወደ አንዱ ነው የምትጠጋው። ከቻይና የሚመጣ የሚሊሜትር ስብስብ ሳጥን 2፣ 2.5፣ 3 እያለ ነው የሚሄደው፣ ልክ አይመጣም። ወይ ትላላለች ወይ አፈሙዙ አልገባ ይላል።

ውፍረቷን ካወቅክ በኋላ ሠንጠረዡ ላይ የውስጥ ስፋቱን ፈልግ፣ አጠገቡ ያለው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው የምታዝዘው። ሁለት ቁጥር መሐል ከሆንክ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ግዛ፣ ርካሽ ነው።


ዋኔ በሰማይ (ቴክሳስ)

ሃርድዌር ቤቱን ሙሉ በሙሉ አታጥላሉት እንጂ። አደን ነገ ጠዋት ሆኖ ዛሬ ማታ ጎማዋ ብትበጠስ ምን ሊያደርግ ነው? እኔ ናይትራይሉን አስገብቼ ወቅቱን ጨርሻለሁ። ዋኔ አደን ላይ ስንት ትተኩሳለህ? የቀኑ ገደብ 15 ወፍ ነው፣ ስተህም መተህም ሁለት ወይም ሦስት ሳጥን ነው። ለዚያ ይበቃል። ሸክላ በየሳምንቱ ለሚተኩስ ነው ቫይተን ግድ የሚሆነው።


ጋራዥ ሚኒያፖሊስ

ልክ ነህ፣ ለጊዜው ይሠራል፣ ጠመንጃውን አይጎዳም። እኔ የምለው ዋጋቸው ያን ያህል የማይራራቅ ከሆነ ለምን ደካማውን ትገዛለህ ነው። ለድንገተኛ ሁለት ፍሬ ናይትራይል ቦርሳ ውስጥ መያዝ ጥሩ ነው። ግን ክፍት አድርገህ መስኮት አጠገብ አታስቀምጠው። ናይትራይል ፀሐይና ኦዞን ይጎዱታል፣ ሳይሠራበት ይሰነጣጠቃል። ጨለማ ቦታ፣ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ።


አሮጌ ብረት (ኦሃዮ)

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ጎማዋ ተሰንጥቃለች ማለት ችግሩ እሷ ብቻ ናት ማለት አይደለም። 1100 ጠመንጃ ጥገና ቤት ሲመጣ ሁሉም "ጎማዋ ናት" ይላል፣ ሲታይ ግማሹ ቆሻሻ ነው። እስቲ እነዚህን እይ፣ ቆቅ ፈላጊ።

ከአፈሙዙ ሥር ካዝናው ላይ የሚገባ ቀለበት አለ አይደል? የዚያን ውስጡን በባትሪ እይ። ጋዙ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ አብዛኛው ባለ 2 3/4 ኢንች (የጥይቱ ርዝመት ነው) 12 ጌጅ ላይ ሁለት ናቸው። ከዓመታት ጥቀርሻ ጋር ይጠባሉ። ሲጠቡ ጋዙ ይቀንሳል፣ ጋዙ ሲቀንስ ፒስተኑ ሙሉ መንገዱን አይሄድም፣ ቀለሁ በሩ ላይ ተነክሶ ይቀራል። ልክ አንተ ያልከው ነው። ማጽጃ ፈሳሽ ነክረህ አቆየውና በቀጭን የቧንቧ ብሩሽ አውጣው። ፑንታ አስገብተህ ቀዳዳውን እንዳታሰፋ! ቀዳዳው ሲሰፋ የበዛ ጋዝ ገብቶ መዝጊያውን በኃይል ይወረውረዋል፣ ከዚያ የሚሰበረው ውድ ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ማግነም የሚል ከሆነ ቀዳዳው ለከባድ ጥይት ነው የተለካው። በቀላል የሸክላ ጥይት አልተፋም ቢልህ ጠመንጃው ምንም አልሆነም። 3 ኢንች ጥይት ደግሞ ባለ 2 3/4 ክፍል ውስጥ ማስገባት አደጋ ነው፣ ይህን ሁሉም ሰው ይወቅ።

ሦስተኛ፣ ሰደፉ ውስጥ ሞላ አለ። መዝጊያውን ወደ ፊት የሚመልሰው እሱ ነው። ሰው የፊቱን ሁሌ ያጸዳል፣ የኋላውን አይነካውም። ዝናብ የተመታ ጠመንጃ ከሆነ ሞላው ዝጎ ወይም ዘይቱ እንደ ሙጫ ረግቶ ይገኛል።

እና ምን ጥይት ነው የምትተኩሰው? አንዳንድ ርካሽ 1 አውንስ ጥይት (አውንሱ የውስጡ እርሳስ ክብደት ነው) ደካማ ነው። 1 1/8 አውንስ ሞክር።


ቆቅ ፈላጊ (ቨርጂኒያ)

ባትሪ ይዤ አየሁት። ቀዳዳዎቹ አሉ፣ ሁለቱም። አንደኛው ዙሪያውን ጥቁር ቅርፊት ይዞ ግማሹ ተዘግቷል። የፊቱ እንጨት ውስጡ ራሱ ጥቀርሻ ተቀብቷል፣ ጋዙ ወደ ፊት ሲያመልጥ እንደነበር ያስታውቃል። አፈሙዙ ላይ ማግነም አይልም፣ 2 3/4 ነው። ጥይቱ 1 አውንስ ነበር። ሰደፉን ገና አልፈታሁትም።

የሚገርመው የቀድሞ ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነበር፣ ብረቱ ላይ የዝገት ነጥብ እንኳ የለም። ከላይ ይወለውለው ነበር ማለት ነው።


ሸክላ ሰባሪዋ (ዴንቨር)

ሰላም ወንድሞች። እኔ 1187 ነው ያለኝ፣ የ1100 ታናሽ ወንድም፣ በ1987 የወጣው። እሱም ኦሪንግ አለው፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሸክላ ስለምተኩስበት የጎማ ነገር በደንብ ገብቶኛል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጎማዋ እስክትበጠስ አልጠብቅም። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት አዲስ አስገባለሁ፣ አሮጌዋ ደህና ብትሆን እንኳ ለመጠባበቂያ ትቀመጣለች። ሁለት አዳዲስ በትንሽዬ ዚፕ ላስቲክ ከጥይት ከረጢቴ ጎን ኪስ ውስጥ አሉ። ውድድር ላይ አንዷ ተበጥሳ ከዚያው ቀይሬ ቀጥያለሁ።

አንድ ሻጭ ጋ "ቫይተን ናት" ተብዬ በደህና ዋጋ የገዛኋት ነበረች። ወቅቱ ሳይጋመስ ደረቀች፣ ጥፍሬን ስጫናት ምልክት አልያዘችም። ጋራዥ እንዳለው ነው፣ ከየትም አትግዙ። የቁሱን ስም በግልጽ ከማይጽፍ ሻጭ ራቁ።

እና ቆቅ ፈላጊ፣ ስትከታት ዘይት ቀባት። ደረቅ ጎማ ላይ አፈሙዙን ገፍተህ ስታስገባ የቀለበቱ ጠርዝ ይቆርጣታል። ብዙ ሰው "አዲሷ በሳምንቷ ተበጠሰች" የሚለው ለዚህ ነው።


ቆቅ ፈላጊ (ቨርጂኒያ)

እህቴ አመሰግናለሁ። አገባቧን ብታብራሪልኝ? ፒስተኑ ላይ ሁለት ብረት ቀለበት አለ፣ የትኛው የፊት እንደሆነ እንዳይምታታብኝ እፈራለሁ።


ሸክላ ሰባሪዋ (ዴንቨር)

ፈትተሃቸዋል ወይስ እንዳሉ ናቸው? እንዳሉ ከሆኑ አሁኑኑ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ከጎንም ከላይም። ከዚያ ስታወጣቸው ባወጣህበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድራቸው፣ ፊታቸው ወደየት እንደነበር ሳትለውጥ። ፒስተኑና የፒስተኑ ማተሚያ አንዱ ከሌላው ጋር የሚተኛበት ቅርጽ አላቸው። አንዱ ቢገለበጥ ጠመንጃው ይገጥማል፣ ግን በደንብ አይሠራም፣ አዲስ ጎማም አታድነውም።

ቅደም ተከተሉ ከመዝጊያው ወደ አፈሙዙ ጫፍ ስትሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መዝጊያውን የሚገፋው ክንድ ከነቱቦው፣ ቀጥሎ ፒስተኑ፣ ቀጥሎ የፒስተኑ ማተሚያ፣ መጨረሻ ላይ ጎማዋ መስመሯ ውስጥ። ከዚያ አፈሙዙ ከላይ ይመጣና ሁሉንም ይሸፍናል።

ጎማዋን በካቻቢቴ አትፈንቅላት፣ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ አንሳት። አዲሷን ደግሞ ቱቦው ላይ በጣቶችህ ገፍተህ ነው የምትወስዳት፣ አትጠቅልላት። ስትጠቀለል ተጠምዛ ትቀመጣለች፣ ከዚያ አንድ ጎን ይበላታል።


ኢነርሺያ (ኔቫዳ)

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ቤኔሊ ግዛና ተገላገል። ጋዝ የለ፣ ጎማ የለ፣ ፒስተን የለ። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚገፋው ኃይል ብቻ ነው የሚሠራው። ንጹሕ ነው።


አሮጌ ብረት (ኦሃዮ)

ቤኔሊ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ቤሬታም ጋዝ ሆኖ ይህችን ጎማ አይፈልግም። ግን ሰውየው የጠየቀው የጥቂት ሳንቲም ጎማ ነው፣ አንተ የምትለው ከሺህ ዶላር በላይ ነው። 1100 ትከሻ ላይ ለስላሳ ነው፣ ለዚህ ነው ከ1963 ጀምሮ ሰው የሚወደው። ጋዙ የግፊቱን ኃይል ያለዝበዋል። ቀኑን ሙሉ ሸክላ የተኮሰ ሰው ማታ ትከሻው ያውቀዋል።


ኢነርሺያ (ኔቫዳ)

እሺ ተቀብያለሁ። በቀዝቃዛ አገር ረግረግ ውስጥ ዳክዬ ለሚያድን ነው የኔ ምክር።


የሸዋ ልጅ (ሲያትል)

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል፣ ይቅርታ። አገር ቤት አጎቴ የቆየ ሴሚ አውቶማቲክ ሾትጋን አለው፣ በሕጋዊ ፈቃድ የያዘው ነው። እሱም ጎማ አልቆበት ቁጭ ብሏል። በክረምት ስሄድ አንድ ሁለት የጠመንጃ ዕቃ ጨምሬ ይዤለት ብሄድ ምን ችግር አለው? ጎማና ፒስተን ነው።


የፖቶማክ ሰው (ሜሪላንድ)

ወንድሜ እንዳታደርገው። የጠመንጃ ዕቃ በሻንጣ ይዞ ቦሌ መድረስ ጨዋታ አይደለም። አገር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ መሣሪያ መያዝም ማስገባትም በፈቃድ ነው። ከዚህም ሲወጣ የአሜሪካ የኤክስፖርት ሕግ አለ። ፒስተን የጠመንጃ ዕቃ ነው፣ "ትንሽ ናት" ብሎ ነገር የለም። አጎትህ ፈቃድ የሰጠው አካል ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው ያለበት።


ጋራዥ ሚኒያፖሊስ

ፒስተኑ ላይ ከፖቶማክ ሰው ጋር ነኝ። ጎማዋን በተመለከተ ግን አጎትህ እዚያው አያጣትም። ኦሪንግ የማሽን ዕቃ ነው፣ መኪናም ፓምፕም ውስጥ አለ። አሮጌዋን ይዞ ሶማሌ ተራ ይውረድ፣ ወይም የሃይድሮሊክ ጃክ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ይሂድ። "ሙቀት የሚችል፣ ቫይተን" ብሎ ይጠይቅ። ከናፍጣ ፓምፕ ጋር የሚሠሩት ሰዎች ስሙን ያውቁታል። ካጣ ናይትራይሉን አስገብቶ ቶሎ ቶሎ ይቀይር።


የሸዋ ልጅ (ሲያትል)

ተረዳሁ። በስልክ እነግረዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም።


ዋኔ በሰማይ (ቴክሳስ)

ስለ ማጽጃ ማንም አላነሳም። የፍሬን ማጽጃ ረጭቶ ጎማዋን ያበላሸ ሰው አውቃለሁ።


ጋራዥ ሚኒያፖሊስ

ጥሩ አነሳህ። ጠንከር ያለ ማጽጃ ከመርጨትህ በፊት ጎማዋን አውጣት፣ ሁልጊዜ። ቫይተን ዘይትና ነዳጅ ይችላል፣ አሴቶን ግን አይችልም፣ ያብጣል። ስለዚህ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚጠቀም ካለ ያቁም። ለቱቦው ጥቀርሻ 0000 የሚባለው ደቃቁ የብረት ሱፍ ከትንሽ ዘይት ጋር በቂ ነው። በደንብ ጠርገህ ስስ ዘይት ተውለት። ዘይት ማብዛት ጥቀርሻውን ወደ ጭቃ ነው የሚቀይረው።


አሮጌ ብረት (ኦሃዮ)

እግረ መንገዴን፣ ዋኔ የምታድኑ ሰዎች ካዝናው ውስጥ ያለውን ማገጃ እንጨት እንዳትረሱ። ተዘዋዋሪ ወፍ ስታድን ጠመንጃው ካዝናውም ክፍሉም ተደምሮ ከ3 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፣ የፌደራል ሕግ ነው። ለሸክላ ብሎ ያወጣው ሰው ሳይመልሰው ሜዳ ይወጣና የአደን ጠባቂው ሲቆጥርበት ይቀጣል። አሁን ፈታታችሁ እያጸዳችሁ ስለሆነ በዚያው አረጋግጡ።


ቆቅ ፈላጊ (ቨርጂኒያ)

ሰዎች፣ ዜና ይዤ መጥቻለሁ።

ለካሁ። ውፍረቷን ሦስት ቦታ ስለካት ሦስት ዓይነት ነው የሰጠችኝ፣ ምን ያህል እንደተረገጠች ያኔ ገባኝ። ትልቁን ይዤ፣ የመስመሩን ወለል ለክቼ ሠንጠረዡ ላይ ስፈልግ አንድ ቁጥር ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣልኝ። አጠገቤ ያለ የሃይድሮሊክ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌው አሮጌዋን በእጁ ገልብጦ አየና "ሾትጋን ናት አይደል?" አለኝ። ለካ እዚያ አካባቢ ያለ አዳኝ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚገዛው። ቡናማ ቫይተን በፓኬት ሰጠኝ። ኢንተርኔት ላይ ለአንዲቷ ከነመላኪያዋ ከተጠየቅኩት በታች ነው ሙሉ ፓኬቱን የገዛሁት።

ቀዳዳዎቹን አሮጌ ብረት እንዳለው ነክሬ አሳድሬ በብሩሽ አወጣኋቸው። የወጣው ጥቁር ነገር ለጉድ ነው። ሰደፉንም ፈታሁት፣ ሞላው ላይ የረጋ ዘይት ነበር ግን ዝገት የለውም። አጽድቼ ስስ ዘይት ቀባሁ። ጎማዋን ቀብቼ በጣቴ አስገባኋት፣ አፈሙዙ ሲገባ ትንሽ ጥብቅ ብሎ ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ተኮስኩ። መጀመሪያ በ1 1/8 አውንስ፣ ቀለሁን ወዲያ ወርውሮ ይጥለዋል። ከዚያ ያኔ ያስቸገረኝን 1 አውንስ ሞከርኩ፣ እሱንም አንድም ሳይነክስ ተፋው። ስፈታው የፊቱ እንጨት ውስጥ ጥቀርሻው ቀንሷል፣ ጋዙ አሁን በመንገዱ እየሄደ ነው።


ጋራዥ ሚኒያፖሊስ

እሰይ! 1 አውንሱን ከተፋልህ ቀዳዳዎቹም ጸድተዋል ማለት ነው። ከመቶ ጥይት በኋላ አንዴ አውጥተህ እያት። ዙሪያዋን እኩል ከተረገጠች ልኳ ትክክል ነው። አንድ ጎን ብቻ ከተበላች ወይ ተጠምዛለች ወይ የአፈሙዙ ቀለበት ጠርዝ ሹል ነገር አለው፣ በጣትህ ዳስሰው።


ሸክላ ሰባሪዋ (ዴንቨር)

ደስ ይላል! የ12 ጌጅ 1187 ካላቸው ሰዎች መሐል ለክቶ ከአንተ ጋር የሚገጥምለት ካለ ለማወቅ እፈልጋለሁ። የውስጥ ስፋቱን በሚሊሜትር ጻፍልን፣ እኔም ዛሬ ማታ የኔን ለክቼ እጽፋለሁ።


ቆቅ ፈላጊ (ቨርጂኒያ)

እሺ እህቴ፣ ማታ ካሊፐሩን ይዤ ደግሜ ለክቼ እጽፈዋለሁ፣ ፓኬቱ ላይ ያለውንም ጨምሬ። እስከዚያው፣ ፓኬቱ ለእኔ ይበዛል። ከዚህ ቤት 1100 ያለውና የራሱን መስመር ለክቶ ልኩ የገጠመለት ሰው በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ ፖስታ ውስጥ ከትቼ እልካለሁ። ገንዘብ አልፈልግም። ከአደኑ መክፈቻ በፊት እንዲደርሳችሁ ግን እስከ ዓርብ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው ፖስታ ቤት የምሄደው።